ሚኒስትር ሲከሰስ፦ ከዲቾቲ መርከብ እስከ ሮም ምክር ቤቶች

በኦገስት 2018 አጋማሽ ከሊቢያ የተነሳች ጀልባ በማልታ የነፍስ አድን ክልል ውስጥ አደጋ ላይ ወደቀች። የጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ዲቾቲ 190 ሰዎችን አነሳች፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በጠና የታመሙ 13 ሰዎች ላምፔዱዛ ላይ ወረዱ። የቀሩት 177 ግን መርከቧ ኦገስት 20 ሲሲሊ ውስጥ ካታኒያ ወደብ ከታሰረች በኋላም መሬት እንዳይረግጡ ተከለከሉ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜያቸው ያልደረሱ ልጆች ኦገስት 22 ወረዱ፤ ሌሎቹ የወረዱት ኦገስት 25 ለ26 አጥቢያ ነው፤ ያውም አልባኒያ፣ አየርላንድና የጣሊያን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተካፍለን እንቀበላቸዋለን ካሉ በኋላ።

ትእዛዙ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የማቴዮ ሳልቪኒ ነበር። ዓላማውንም አልደበቀም፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ሰዎቹን እስኪካፈሉ ድረስ ከመርከብ የሚወርድ አይኖርም ነው ያለው። ከዚያ በኋላ የመጣው የፍርድ ቤትና የፓርላማ ውዝግብ ከሰባት ዓመት በላይ ወስዷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ድርጊት አንዴ ምክር ቤት እንዳይከሰስ ከልክሎታል፣ አንዴ ምክር ቤት ቢፈቅድም ዳኛ ክሱ አይቀጥልም ብሎታል፣ አንዴ ደግሞ ሙሉ የፍርድ ሂደት ተካሂዶ በነጻ አብቅቷል። ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ የሚለውን ለመረዳት የጣሊያን ሚኒስትር የሚከሰስበትን መንገድ ከስር መያዝ ያስፈልጋል።

ያለመከሰስ መብት ነው?

የኛ አንባቢ "ያለመከሰስ መብቱ ተነሳ" የሚለውን ዜና ለምዶታል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 6 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም። ጥበቃው ከወንበሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጉዳዩ የግል ጠብም ይሁን የመንግሥት ሥራ ለውጥ የለውም።

ጣሊያን የዚህን ዓይነቱን ጥበቃ በ1993 አጥብባዋለች። ዛሬ የጣሊያን ፓርላማ አባል ላይ ምርመራ ለመጀመርም ሆነ ክስ ለመመሥረት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለማሰር፣ ለመፈተሽና ስልክ ለመጥለፍ ነው። ሚኒስትር ግን ሌላ መንገድ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮች በሥራቸው ላይ ሆነው ለፈጸሙት ወንጀል የሚዳኙት በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከሁለቱ ምክር ቤቶች (ከሴኔቱና ከተወካዮች ምክር ቤት) አንዱ መፍቀድ አለበት። ይህ ጥበቃ ከድርጊቱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሚኒስትሩ ሥልጣን ቢለቅም ለዚያ ድርጊት አብሮት ይኖራል። በአንጻሩ በግል መኪናው ሰው ቢገጭ እንደማንኛውም ዜጋ ይከሰሳል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሚኒስትርን የሚከሰው ፓርላማው፣ የሚዳኘው ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ነበር። በዚህ መንገድ የተፈረደበት በሎክሂድ የአውሮፕላን ግዢ ጉቦ የተነሳ በ1979 ጥፋተኛ የተባለው የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ማሪዮ ታናሲ ነው። በ1987 ሕዝበ ውሳኔ አሮጌው የፓርላማ መርማሪ ኮሚሽን ተሻረ፤ በጃንዋሪ 1989 የወጣው ሕገ መንግሥታዊ ሕግ ቁጥር 1 ደግሞ አሁን የምናየውን ሥርዓት ዘረጋ።

መዝገቡ የሚሄድበት መንገድ

ጥቆማ ወይም አቤቱታ ሲቀርብ የሚደርሰው የይግባኝ ፍርድ ቤት መቀመጫ በሆነው ከተማ ላለው ዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ ዐቃቤ ሕግ መመርመር አይችልም። ሕጉ በግልጽ "ምንም ምርመራ ሳያደርግ" ይላል። ሥራው ስሙን መዝግቦ፣ ለሚመለከታቸው ሰዎች ወዲያው አሳውቆ፣ በ15 ቀን ውስጥ ወረቀቱን ከራሱ አስተያየት ጋር ሚኒስትሮችን ለሚያየው ችሎት መላክ ነው። ዜና ላይ በብዛት የሚበላሸውም ይህ ደረጃ ነው። በጃንዋሪ 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጃ ሜሎኒ (ጉዳዩን ወደ ኋላ ላይ እናየዋለን) ከሮም ዐቃቤ ሕግ የደረሳትን ወረቀት ለሕዝብ ስታሳይ ብዙ ቦታ "ክስ ተመሠረተባት" ተብሎ ተጻፈ። ክስ አልነበረም። ወረቀቱ ሕጉ የሚያዘው ማስታወቂያ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ባይልከው ነበር የሚጠየቀው። ወረቀቱ ስለ ጥፋተኝነት የሚናገረው ነገር የለም።

"የሚኒስትሮች ችሎት" የሚባለው ሦስት ዳኞችና ሦስት ተጠባባቂዎች ያሉት ነው። በዚያ ወረዳ ፍርድ ቤቶች ከሚያገለግሉ፣ በደረጃቸው ቢያንስ አምስት ዓመት ከሞላቸው ዳኞች መካከል በዕጣ ይወጣሉ፤ በየሁለት ዓመቱም ይቀየራሉ። ዕጣ የሆነው መንግሥትም ሆነ የፍርድ ቤቱ አለቃ ዳኛ እንዳይመርጥ ነው። ችሎቱ 90 ቀን አለው። ሰው ይጠራል፣ ሰነድ ያስቀርባል፣ ዐቃቤ ሕጉን ያዳምጣል። ጉዳዩ አያስኬድም ካለ መዝገቡን ይዘጋል፤ ይህ ውሳኔ ይግባኝ የለውም። ያስኬዳል ካለ ምክንያቱን ጽፎ በዐቃቤ ሕጉ በኩል ለምክር ቤት ይልካል። 90 ቀኑ ግን ሲያልፍ መዝገቡን የሚገድል ቀነ ገደብ አይደለም፤ በሜሎኒ ጉዳይ ችሎቱ የወሰነው በኦገስት 2025 ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ዐቃቤ ሕጉ ይዘጋ ካለ ነገሩ ያበቃ ስለሚመስላቸው ነው። በዲቾቲ የሆነው ተቃራኒው ነው። ምርመራውን የጀመረው የአግሪጀንቶ ዐቃቤ ሕግ ሉዊጂ ፓትሮናጆ ነው፤ ራሱ መርከቧ ላይ ወጥቶ ሰዎቹ ያሉበትን ሁኔታ አየ። አግሪጀንቶ የይግባኝ ፍርድ ቤት መቀመጫ ስላልሆነች መዝገቡ ወደ ፓሌርሞ ሄደ። የፓሌርሞ ችሎት ደግሞ መርከቧ ቆማ የነበረው ካታኒያ ነው ብሎ ወደዚያ መለሰው። የካታኒያ ዐቃቤ ሕግ "ይዘጋ" አለ። የችሎቱ ሦስት ዳኞች ግን በሐሳቡ አልተስማሙም፤ በጃንዋሪ 2019 ሴኔቱ እንዲፈቅድ ጠየቁ። ወንጀሉ ሰውን ከሕግ ውጭ ይዞ ነጻነት ማሳጣት ነው፤ የመንግሥት ባለሥልጣን ሥልጣኑን አላግባብ ተጠቅሞ ሲፈጽመውና ተጎጂዎቹ ውስጥ ልጆች ሲኖሩ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። በአማርኛ ዜና "እገታ" ሲባል ሰምተን ይሆናል፤ ቃሉ ግን ማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ነገር ያስመስላል። ለዚያኛው የጣሊያን ወንጀል ሕግ ሌላ አንቀጽና በጣም የከበደ ቅጣት አለው።

የትኛው ምክር ቤት?

ተጠርጣሪው አባል የሆነበት ምክር ቤት ይወስናል። ተጠርጣሪዎቹ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ከሆኑ፣ ወይም አንዳቸውም አባል ካልሆኑ ሴኔቱ ነው የሚወስነው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ አባል ከሆነ የእሱ ምክር ቤት ለሁሉም ይወስናል። ሳልቪኒ ሴናተር ስለነበር የእሱ ጉዳዮች ሁሉ ወደ ሴኔት ሄዱ።

መጀመሪያ የሚያየው ኮሚቴ ነው። ጣሊያኖች ጁንታ ይሉታል፤ ቃሉ በኛ ጆሮ ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ እዚህ ኮሚቴ ማለቱ ይሻላል። ኮሚቴው ሰውየውን አዳምጦ በጽሑፍ ሐሳብ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ወረቀቱ በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ ተሰብስቦ ይወስናል።

የሚወሰነው ምንድን ነው የሚለው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ምክር ቤቱ "ወንጀል ሠርቷል ወይስ አልሠራም" ተብሎ አይጠየቅም። ጥያቄው ሚኒስትሩ የሠራው በሕገ መንግሥቱ ክብደት ያለውን የመንግሥት ጥቅም ለመጠበቅ ወይም በመንግሥት ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚልቅ የሕዝብ ጥቅም ለማስከበር ነው ወይ የሚል ነው። አዎ ከተባለ ፈቃድ ይከለከላል፤ ውሳኔውን በወንጀል መንገድ የሚገለብጥ የለም። ስለዚህ "ሴኔቱ ሳልቪኒን ነጻ አወጣው" የሚለው አባባል ስህተት ነው። ሴኔቱ እንዳይዳኝ አደረገ እንጂ አልዳኘውም።

ሁለተኛው ረቂቅ ነገር የድምፅ አቆጣጠሩ ነው። ለመፍቀድ አብላጫ ድምፅ አያስፈልግም፤ አብላጫ የሚያስፈልገው ለመከልከል ነው። እሱም በዕለቱ ከተገኙት ሳይሆን ከምክር ቤቱ ጠቅላላ አባላት ከግማሽ በላይ መሆን አለበት። ታመው የቀሩ፣ ቡና ሊጠጡ የወጡና ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉ ሁሉ በውጤቱ "ይከሰስ" ላሉት ተቆጥረዋል ማለት ነው። በዚያን ጊዜው ሴኔት ለመከልከል ወደ 160 ድምፅ ይጠይቅ ነበር።

ማርች 20 ቀን 2019 የዲቾቲ ጉዳይ ሲቀርብ ለመከልከል 237፣ ለመፍቀድ 61 ድምፅ ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ሳልቪኒ ከፋይቭ ስታር ንቅናቄ ጋር ጣምራ መንግሥት ውስጥ ነበር። ንቅናቄው ለዓመታት "ፖለቲከኛ ከሕግ ፊት አይሸሽ" ሲል የኖረ ስለሆነ ጭንቅ ገባው፤ ከኮሚቴው ድምፅ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አባላቱን በኢንተርኔት ጠየቀ። ከመለሱት 59 ከመቶ ያህሉ "ይከልከል" አሉ። የመንግሥት ሕልውና አፋፍ ላይ ሲሆን የሚሰጠው መልስ ይህ መሆኑ አይደንቅም።

በኦገስት 2019 ሳልቪኒ ራሱ ጣምራውን አፈረሰው። ፋይቭ ስታር ከዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር አዲስ መንግሥት መሠረተ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት መዝገቦች ዕጣቸው ተለወጠ። የመጀመሪያው በጁላይ 2019 ግሬጎሬቲ የተባለች ሌላ የጠረፍ ጥበቃ መርከብ ላይ የተያዙ ሰዎችን የሚመለከት ነው። በኮሚቴው የሳልቪኒ የራሱ ፓርቲ ሰዎች "ይከሰስ" ብለው ድምፅ ሰጡ፤ የኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ምርጫ በቀናት ውስጥ ስለነበር ተከሳሽ ሆኖ መታየቱ ድምፅ ያመጣል ብለው አስልተዋል። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2020 ሴኔቱ ፈቀደ፤ በሜይ 2021 ግን የካታኒያ ዳኛ ወደ ፍርድ ሂደት የሚወስድ ነገር የለም ብሎ ዘጋው። ሁለተኛው የኦፕን አርምስ መርከብ ጉዳይ ነው። በጁላይ 30 ቀን 2020 ለመከልከል የተገኘው ድምፅ 141 ብቻ ነበር፤ 149 ሴናተሮች ክልከላውን ተቃወሙ። መንገዱ ተከፈተ።

በዲቾቲና በኦፕን አርምስ መካከል ድርጊቱ ያን ያህል አይራራቅም፤ የተለወጠው ጣምራው ነው። ሥርዓቱን የሚተቹ የጣሊያን የሕግ ሰዎች የሚያነሱትም ይህንኑ ነው፤ ሕጉ በሩን ሠርቷል፣ ቁልፉ ያለው ግን በዕለቱ አብላጫ በያዘው ኪስ ነው።

ችሎት ፊት የተነሳው ክርክር

ኦፕን አርምስ የስፔን ሰንደቅ የምታውለበልብ የበጎ አድራጎት መርከብ ናት። በኦገስት 2019 ያነሳቻቸውን ሰዎች ይዛ 19 ቀን ያህል ባሕር ላይ ቆየች። አስተዳደር ፍርድ ቤት የመግቢያ እገዳውን ኦገስት 14 ቢያነሳም ወደብ አልተሰጣትም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጁሴፔ ኮንቴ ልጆቹ እንዲወርዱ ጻፈ፤ ሳልቪኒ "ባልስማማም" ብሎ 27 ለቀቀ። በመጨረሻ ኦገስት 20 የአግሪጀንቶ ዐቃቤ ሕግ መርከቧ እንድትያዝ አዝዞ የቀሩት ላምፔዱዛ ላይ ወረዱ።

የክሱ መሠረት ሁለት ነው። አንደኛው የ1979 የሐምቡርግ የፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት ነው። በእሱ መሠረት ሰውን ከባሕር ማንሳት ብቻ ነፍስ ማዳን አይባልም፤ ሥራው የሚያልቀው ሰዎቹ ደህንነቱ የተጠበቀ ቦታ ሲደርሱ ነው። መርከብ ጊዜያዊ መጠለያ ሊሆን ይችላል እንጂ መዳረሻ አይሆንም። ሁለተኛው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 ነው። ያለ ዳኛ ትእዛዝ የሰው ነጻነት አይገደብም፤ አስቸኳይ ሲሆን ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ያሳውቃል፣ ዳኛውም በሚቀጥለው 48 ሰዓት ውስጥ ካላጸደቀ ሰውየው ይለቀቃል። መርከብ ላይ የቆዩትን ሰዎች መታገድ ያጸደቀ ዳኛ አልነበረም።

በሴፕቴምበር 2024 ዐቃቤ ሕጎቹ ስድስት ዓመት እስራት ጠየቁ። ዲሴምበር 20 ቀን 2024 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው። የዳኞቹ ምክንያት "ድንበር መጠበቅ ወንጀል አይደለም" የሚለው የፖለቲካ መፈክር አልነበረም፤ ወደብ የመስጠት ግዴታው በዚያ ሁኔታ የጣሊያን አልነበረም፣ መርከቧ የስፔን ናት የሚል ነው። ዐቃቤ ሕጎቹ የይግባኝ ደረጃውን ዘለው በቀጥታ ወደ ሰበር ወሰዱት፤ ሰበርም ነጻ መባሉን አጸና። ልብ በሉ፣ ዲቾቲ የጣሊያን መንግሥት የራሱ መርከብ ነበረች። "የሌላ አገር ሰንደቅ ነው" የሚለው መከላከያ ለእሷ አይሠራም ነበር። ለክስ ይበልጥ የጠነከረው መዝገብ ነው በድምፅ የቆመው።

ያው መንገድ፣ ሌላ ጉዳይ

ሜሎኒን የነካው መዝገብም ከስደተኛው መንገድ አይርቅም። አልማስሪ በሚል ስም የሚታወቀው ሊቢያዊ ሹም፣ ትሪፖሊ ውስጥ በሚቲጋ እስር ቤት በተፈጸሙ ግፎች ተጠርጥሮ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የእስር ማዘዣ አውጥቶበት ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ቱሪን ላይ ተያዘ፤ በሁለት ቀን ተለቆ በጣሊያን መንግሥት አውሮፕላን ወደ ሊቢያ ተመለሰ። ችሎቱ የሜሎኒን መዝገብ ዘጋ። በፍትሕ ሚኒስትሩ ኖርዲዮ፣ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፒያንቴዶሲና በምክትል ሚኒስትር ደረጃ ባለው ማንቶቫኖ ላይ ግን ፈቃድ ጠየቀ። ከሦስቱ የምክር ቤት አባል ኖርዲዮ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ወደ እሱ ቤት፣ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄዱ። ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ምክር ቤቱ ከለከለ።

ሴኔቱ ያልዘጋው በር

የፓርላማው ክልከላ የሚያቆመው የወንጀሉን ክስ ብቻ ነው፤ የካሳ ጥያቄ በሌላ በር ይገባል። ከዲቾቲ ተሳፋሪዎች መካከል አንድ ኤርትራዊ ከኦገስት 16 እስከ 25 ቀን 2018 ነጻነቴን ተነፍጌያለሁ ብሎ የጣሊያንን መንግሥት በፍትሐ ብሔር ከሰሰ። ታች ያሉት ፍርድ ቤቶች ጥያቄውን አልተቀበሉትም። በማርች 2025 የሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ጥምር ችሎት ግን ነገሩን ቀየረው፤ ሰዎችን ከመርከብ አለማውረድ ዳኛ የማይነካው "ፖለቲካዊ ድርጊት" አይደለም፣ የመንግሥት ፖለቲካ የሰውን መሠረታዊ ነጻነት ሲነካ በሕግ ይመዘናል አለ። ሜሎኒ ውሳኔውን በአደባባይ ነቀፈች።

በተግባር ይህ በር የራሱ ወጥመዶች አሉት። በጣሊያን ሕግ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሳ ጥያቄ በመደበኛው የሚቆየው አምስት ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ወንጀሉ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ካለው ግን ያ ይሠራል። ከሳሹ መርከቧ ላይ እንደነበር ማሳየት አለበት፤ ሲወርድ የተመዘገበበት ስም ዛሬ ባለው ወረቀት ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል። የኛ አካባቢ ስም፣ የአባትና የአያት ስም እየተቀያየረ በላቲን ሲጻፍ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ለመወከል ደግሞ ፊርማ ያስፈልጋል። ከዲቾቲ ወርደው ሮም አጠገብ ሮካ ዲ ፓፓ ወደሚገኘው የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ከተወሰዱት ብዙዎቹ በቀናት ውስጥ ማረፊያውን ለቀው ስለሄዱ እነሱን ፈልጎ ማስፈረም ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ሰበሩ የካሳውን ልክ አልቆረጠም። መዝገቡን ለሮም ይግባኝ ፍርድ ቤት መለሰው፤ አንድ ሰው ወደብ ታስራ በቆመች መርከብ ላይ ለቆየበት ጊዜ ምን ያህል ይከፈለዋል የሚለውን የሚያሰላው እሱ ነው።